የሌሊቱ ፓምፕ፦ ንዝረት እንዴት ጩኸት ይሆናል? እንዴትስ ይቀንሳል?

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በጭልጋ አልፎ ወደ ሱዳን ወሰን የሚወርደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ ማለዳ የደረበውን ጋቢ እኩለ ቀን ሳይሆን አጣጥፎ ይይዘዋል። መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርዝመት ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 700 ሜትር ገደማ ያወርደዋልና። በመጋቢትና በሚያዝያ በመተማና በገንዳ ውኃ አካባቢ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀኖች አሉ። በዚያ ወቅት ቀን የተጋለ ቆርቆሮ ሥር መተኛት ጭንቅ ነው፤ አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ቤተሰቡም ከሰማይ በታች ያድራል። አንዱን ግቢ ከሌላው የሚለየው አጥር ብቻ በመሆኑም የጎረቤት ሳል፣ የሕፃን ልቅሶና የውሻ ጩኸት የጋራ ሀብት ይሆናል።

የውኃ ፓምፕ ጩኸትም እንዲሁ።

በአንድ የሚያዝያ ሰሞን በሰሊጥ ንግድ በሚተዳደር የአጎታችን ልጅ ቤት ለጥቂት ቀናት አርፈን ነበር። በሰፈሩ የቧንቧ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ውኃው በቅድሚያ መሬት ላይ ባለ በርሜል ይጠራቀምና በትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተገፍቶ በብረት ማቆሚያ ላይ ወደ ተሰቀለው ሮቶ ይወጣል። ፓምፑ ክረምት ጎርፍ እንዳያገኘው ተብሎ በዚያው ብረት ማቆሚያ መደርደሪያ ላይ በአራት ቡሎን ታስሯል። ማቆሚያው ደግሞ ከጎረቤት ጋር ከሚያዋስነው የቆርቆሮ አጥር ጋር ተበይዷል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ፓምፑ ሲነሣ ግቢው በሙሉ ያጉረመርማል።

ከአጥሩ ወዲያ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የሚያድሩ አንዲት እናት አሉ። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ዘመዳችን መጥተው፣ «ልጄ፣ ውኃ መቅዳታችሁን አልጠላሁባችሁም፤ ነገር ግን ይህ ሞተር አልጋዬ ሥር የገባ ነው የሚመስለኝ፤ ልጆቹም እየባነኑ አስቸገሩኝ» አሉት። ዘመዳችን አፍሮ ከአሮጌ የመኪና ጎማ አራት ቁራጭ ቆረጠና በፓምፑ እግሮች ሥር አደረገ። ጩኸቱ ባሰ! እማማም ለቡና መምጣት አቆሙ። እኛ የደረስነው በዚህ መካከል ነበር፤ «የፊዚክስ መምህር ዘመድ መጣ» ተባለና ነገሩ በእኛ ላይ ወደቀ።

ለመሆኑ ጎማ ንዝረትን ያበርዳል ሲባል እየሰማን ለምን አባሰው? የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይህ ነው።

ፓምፑ ምድር ቤት፣ ጩኸቱ ሦስተኛ ፎቅ

ለመተማ ሰው ስለ ቤት ማሞቂያ ማውራት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከዚህ ጩኸት ጋር መጀመሪያ የተዋወቅነው ለዶክትሬት ትምህርት በቆየንበት ብርዳም ሀገር ነው። በዚያ ቤቶች የሚሞቁት ምድር ቤት ውስጥ በተተከለ ማፍያ በሚሞቅ ውኃ ነው። አንዲት ትንሽ ፓምፕ ሙቁን ውኃ በቧንቧ ወደየክፍሉ ትገፋዋለች፤ ውኃው በመስኮቱ ሥር በተተከለ ጠፍጣፋ የብረት ሣጥን ውስጥ አልፎ ክፍሉን ካሞቀ በኋላ ተመልሶ ይወርዳል። እኛ የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነበር። ሌሊት ሌሊት ያ የብረት ሣጥን እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ማሞቂያው ተበላሽቷል ብለን ስንሟገት ከረምን። በመጨረሻ ምድር ቤት ወርደን ስናይ፣ በፓምፑ ጎን ሦስት የፍጥነት ደረጃዎች ያሉት መቀየሪያ አገኘን፤ ከሦስት ወደ ሁለት ስናወርደው ጩኸቱ ጠፋ፤ ክፍሉም አልበረደም። ፓምፑ አጠገብ ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው ድምፁ ቀድሞም ከሹክሹክታ የሚበልጥ አልነበረም።

ፓምፑ ያልጮኸውን ሦስት ፎቅ በላይ ያለ ብረት እንዴት ጮኸው? ክራርን የነካ ሰው መልሱን በእጁ ያውቀዋል። የክራር ክር ብቻውን በሁለት ምስማር መካከል ተወጥሮ ቢመታ የሚሰማው ድምፅ ከንቱ ነው፤ ቀጭን በመሆኑ አየሩን እየሰነጠቀ ያልፋል እንጂ አይገፋውም። የክሩ ንዝረት በድልድዩ በኩል ወደ ቆዳው ሲተላለፍ ግን ሰፊው ቆዳ አየሩን ይገፋል፤ ያን ጊዜ ድምፅ ይሆናል። ማሲንቆም እንዲሁ ነው።

በቁጥር እንየው። የድምፅ ፍጥነት በ20 ዲግሪ ሙቀት በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በመተማ የ40 ዲግሪ አየር ወደ 355 ሜትር ከፍ ይላል። በሴኮንድ 100 ጊዜ ለሚመላለስ፣ ማለትም የ100 ሄርትዝ ድምፅ፣ የሞገዱ ርዝመት ሦስት ሜትር ተኩል ነው። አንድ ክንድ እንኳ የማይሞላ ፓምፕ እንዲህ ያለውን ረጅም ሞገድ በራሱ አካል ለማሰራጨት አቅም የለውም። አራት ሜትር የቆርቆሮ አጥር ሲታሰርለት ግን ቆዳ የተወጠረለት ክራር ይሆናል። ስለዚህ ጩኸትን ለመቀነስ የሚነሣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን ይጮኻል?» ሳይሆን «ንዝረቱ በየት በኩል ወጥቶ ወደ የትኛው ሰፊ አካል ይሄዳል?» መሆን አለበት።

የንዝረቱ ምንጮች

በሀገራችን የኤሌክትሪክ ኀይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በሱዳንም 50 ነው፤ ስለሆነም ከጎንደር በሸኸዲ አድርጎ እስከ ገዳሪፍ የተዘረጋው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ሁለቱን መረቦች በቀጥታ ለማገናኘት ችሏል። በቤት ፓምፖች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሞተር በዚህ ኀይል በደቂቃ ወደ 3,000 ዙር ሊሽከረከር ይሞክራል፤ ሸክም ስላለበት ግን ጥቂት ወደ ኋላ እየቀረ በ2,850 ገደማ ይዞራል። ይህም በሴኮንድ 47.5 ዙር ነው።

የሚሽከረከረው አካል በአንድ ጎኑ ጥቂት ከከበደ በየዙሩ ፓምፑን ወደዚያ ጎን ይጎትተዋል። ጉተታው በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ትንሽ ስሕተት ትልቅ ኀይል ይወልዳል። ለምሳሌ ከመዞሪያው ማዕከል 3 ሴንቲ ሜትር ርቆ 5 ግራም ደለል ተጣብቋል እንበል። ስሌቱ 13 ኒውተን ይሰጠናል፤ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም የሚመዝን ዕቃ በሴኮንድ 47 ጊዜ ተኩል ግራና ቀኝ ሲወዘውዘው ማለት ነው። ኩሽኔታው ያለቀ ከሆነም ይብሳል፤ ያለቀ ኩሽኔታ ደግሞ በጎማም በኮንክሪትም አይታከምም፤ ይቀየራል እንጂ።

ሁለተኛው ምንጭ ማግኔቱ ነው። በሞተሩ ውስጥ ያለው የማግኔት ስሕበት የኤሌክትሪኩ ጅረት ወደ የትኛውም አቅጣጫ ቢፈስ ይስባልና በአንድ ምልልስ ሁለት ጊዜ ይጠነክራል፤ ስለዚህ የ100 ሄርትዝ እምታ ይሰማል። ሦስተኛው የክንፎቹ ነው፤ ስድስት ክንፍ ያለው ፓምፕ ውኃውን በሴኮንድ 285 ጊዜ ይመታዋል።

በመተማ ሌሊት ጋደም ብለን ስናዳምጥ ያገኘነውን አንድ ነገር ለተማሪዎች ሳንነግር ማለፍ አንወድም። ሁለት ቤቶች ባንድ ጊዜ ፓምፕ ሲያስነሡ ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሚተነፍስ ይመስላል። አንደኛው ፓምፕ በ2,850፣ ሌላው ሸክሙ ቀለል ብሎለት በ2,880 ዙር ቢሽከረከር፣ በሴኮንድ 47.5 እና 48 ምልልስ ይሆናሉ። የሁለቱ ልዩነት ግማሽ ስለሆነ በየሁለት ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ይደጋገፋሉ፣ አንድ ጊዜ ይጣፋሉ። የ100 ሄርትዙ የማግኔት እምታ ግን እንዲህ ከፍ ዝቅ አይልም፤ ሁለቱም ከአንድ መስመር የሚመገቡ በመሆናቸው እኩል ናቸውና። የትኛው ድምፅ ከመሽከርከር፣ የትኛው ከማግኔት እንደሚመጣ በጆሮ ብቻ መለየት የሚቻልበት አጋጣሚ ይህ ነው።

ቀጭኑ ጎማ ለምን አባሰው?

ማንኛውም በሚለጠጥ ነገር ላይ የተቀመጠ ዕቃ ወደ ታች ተጭኖ ቢለቀቅ በራሱ ልክ ይወዛወዛል። ይህን የራሱን ምልልስ ለማወቅ ከባድ ሒሳብ አያሻም፤ ዕቃው ሲቀመጥበት ጎማው ምን ያህል እንደ ሰመጠ መለካት ይበቃል። መስመጡን በሴንቲ ሜትር ለክተን፣ ስኩዌር ሩቱን አውጥተን፣ 5ን ለእርሱ ብናካፍል የምልልሱን ቁጥር በሄርትዝ እናገኛለን። ቀመሩ ዕቃው በስንት ኪሎ ሰመጠ አይልም፤ ምን ያህል ሰመጠ ብቻ ነው የሚለው።

የዘመዳችን ፓምፕ 9 ኪሎ ያህል ትመዝናለች። የመኪና ጎማ ደግሞ የመኪና ሸክም እንዲችል የተሠራ ነውና ለዘጠኝ ኪሎ ምኑም አይደል፤ የሰመጠው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ቢሆን ነው። 0.01 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 0.1 ይሆናል፤ 5 ለ0.1 ሲካፈል 50 ሄርትዝ። ፓምፑ የሚዞረው በ47.5! ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅን ልክ በሚመለስበት ቅጽበት እየገፉ እንደ መላክ ነው። ይህን የምልልሶች መገጣጠም የፊዚክስ ሰዎች ሬዞናንስ ይሉታል። ጎማው የራሱ የማርገብ ባሕርይ ባይኖረው ኖሮ ስሌቱ በዚህ ልክ ወደ መደርደሪያው የሚተላለፈው ኀይል በዐሥር እጥፍ እንደሚያድግ ይናገራል፤ የጎማው ማርገብ ከዚያ ያወርደዋል፤ ቢሆንም ያለ ጎማ በቡሎን ከታሰረበት ጊዜ የባሰ መሆኑ አይቀርም። ዘመዳችን ሳያውቅ የሠራው መሣሪያ ጩኸት ማጉያ ነበር።

ጎማው ንዝረትን መቁረጥ የሚጀምረው የዕቃው የራሱ ምልልስ ከሞተሩ ምልልስ በእጅጉ ሲያንስ ነው። ሞተሩ በሦስት እጥፍ የበለጠ እንደሆነ፣ ሦስትን በራሱ አባዝተን አንድ ብንቀንስለት ስምንት ይቀራል፤ የሚተላለፈው ኀይልም አንድ ስምንተኛ ብቻ ይሆናል። ለዚህም የዕቃው ምልልስ 16 ሄርትዝ ገደማ መሆን፣ ማለትም ጎማው አንድ ሙሉ ሚሊ ሜትር መስመጥ አለበት። ከአንድ ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ሚሊ ሜትር እንዴት እንደርሳለን?

በቅድሚያ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ጠፍጣፋ አፈሰስን፤ 38 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ፓምፑን በላዩ በቡሎን አጥብቀን አሰርን። አሁን ጎማው ላይ የሚያርፈው 9 ሳይሆን 47 ኪሎ ነውና መስመጡ አምስት እጥፍ አደገ። ቀጥሎ አራቱን የጎማ ቁራጮች ለሁለት ሰነጠቅንና ግማሻቸውን ብቻ ተጠቀምን፤ በግማሽ ስፋት ላይ ያው ሸክም ሲያርፍ መስመጡ እንደገና እጥፍ ሆነ። አምስት ጊዜ ሁለት ዐሥር! አዲስ ነገር አልገዛንም፤ ያባሰው ጎማ ራሱ አዳነን። ኮንክሪቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ያው 13 ኒውተን በዘጠኝ ኪሎ ፈንታ 47 ኪሎ ስለሚወዘውዝ ፓምፑ ራሱ የሚንቀጠቀጥበት ስፋት በአምስት እጅ ያንሳል፤ ለኩሽኔታውም ለቧንቧ መጋጠሚያውም ዕረፍት ነው።

ጠፍጣፋውን ያስቀመጥነው ግን በብረት መደርደሪያው ላይ አይደለም። ከላይ ያልነው ስሌት የሚሠራው ከጎማው ሥር ያለው ነገር ጽኑ ሲሆን ነው፤ ራሱ የሚወዛወዝ መደርደሪያ ላይ ስሌቱ ይፈርሳል። ከማቆሚያው ሥር ባለው የሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ለጎርፉ ሁለት ብሎኬት ከፍ አድርገን አሳረፍነው።

የመኪና ሳይሆን የባጃጅ የውስጥ ጎማ ለዘብ ተደርጎ ተነፍቶ ቢደረግበትስ? የሚል አይጠፋም። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የሌዘር ሙከራ የሚሠሩ ሰዎች ከባድ ጠረጴዛቸውን ከወለሉ ንዝረት ለመለየት በዚህ ዘዴ ይጠቀማሉ፤ እኛም በተማሪነታችን ሠርተንበታል። በሴኮንድ አምስት ጊዜ ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ የሚተላለፈው ከመቶ አንድ ያህል ነው። በመተማ ፀሐይ የተነፋ ጎማ ስንት ወር እንደሚቆይ በማሰብ ግን ተውነው።

ሁለተኛው በር

ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላ ፓምፑን አስነሣን። ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም። ማቆሚያውን በእጃችን ስንነካው አሁንም ይንቀጠቀጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ንዝረቱ በእግሩ መውጣት ሲከለከል በቧንቧው ወጣ። ከፓምፑ አፍ የሚነሣው የብረት ቧንቧ በየሜትሩ በሽቦ ከማቆሚያው ጋር ተጠፍሮ እስከ ሮቶው ይወጣል።

የቧንቧውን የመጀመሪያ ሜትር ቆርጠን በክር በተጠናከረ የጎማ ቱቦ ተካነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቱቦው ቀጥ ብሎ ከተወጠረ እንደ ዱላ ሆኖ ንዝረቱን ያስተላልፋል። ዘና ብሎ ግማሽ ክብ መሥራት አለበት። በመሳቢያው በኩል ደግሞ ተራ ጎማ አይሆንም፤ ፓምፑ ሲስበው ይጣበቃልና በውስጡ የሽቦ ጥምጥም ያለው መሆን ይገባዋል። ሽቦዎቹን ፈትተን ቧንቧውን ከማቆሚያው ጋር በአሮጌ የውስጥ ጎማ ጨርቅ ጠቅልለን አሰርነው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እዚህ ይገባል። በቡሎንና በብረት ቧንቧ ከመሬት ጋር የተያያዘ ፓምፕ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ቢበላሽ ጅረቱ በብረቱ ወደ መሬት የሚወርድበት ዕድል ነበረው። በጎማ ላይ ስናስቀምጠውና ቧንቧውን በጎማ ስንተካው ያን መንገድ ዘጋንበት። ስለዚህ የመሬት ሽቦው በትክክል መያያዙን ሳያረጋግጡ፣ ኤሌክትሪኩንም ሳያጠፉ ይህን ሥራ መጀመር ለሞት ያበቃል።

ጠጠር የሚፈጭ ፓምፕ

ከንዝረት የተለየ ሌላ ድምፅ አለ፤ በፓምፑ ሆድ ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል። ይህ ጎማ የማያበርደው ነው። ፓምፕ ውኃን አይስብም፤ የአየር ግፊት ነው ወደ እርሱ የሚገፋው። በመሳቢያው በኩል ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውኃው ሳይሞቅ ይፈላል፤ የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ወደ ክንፎቹ ግፊት ሲደርሱም እየፈነዱ ይከስማሉ፤ ብረቱንም ይበሉታል።

ቆላው በዚህ ረገድ ያደላል ወይስ ይጎዳል? በ700 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት 93 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን፣ ጎንደር ባለበት ከፍታ 78 ያህል ነው። በሌላ በኩል የ40 ዲግሪ ውኃ በ7.4 ኪሎ ፓስካል ይፈላል፤ የ20 ዲግሪው ግን እስከ 2.3 ድረስ ይታገሣል። ቀንሰን ስናሰላው በመተማ ውኃን ከታች መሳብ የሚቻለው በሐሳብ ደረጃ እስከ 8.8 ሜትር፣ በጎንደር እስከ 7.7 ሜትር ይሆናል። ሙቀቱ ቢጎዳም ዝቅታው ክሶታል። በተግባር ሁለቱም ከዚህ በብዙ ያንሳሉ፤ የቀጠነ መሳቢያ ቧንቧና በደለል የተደፈነ ወንፊት ካለ በሁለት ሜትርም ጠጠር ይፈጫል። ፓምፕን በቀጥታ ከሰፈሩ የውኃ መስመር ላይ መግጠምም ወደዚሁ ያደርሳል፤ የጎረቤትን ድርሻ መሻማቱ ሳይቆጠር።

መለኪያው በኪስ

የልፋታችንን ውጤት የለካነው በእጅ ስልክ ነው። በጀርመን የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህራን ያዘጋጁት ፋይፎክስ የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በስልኩ ውስጥ ያለውን የፍጥንጥነት መለኪያ ያነብባል፤ ንዝረቱንም ወደ ድግግሞሾች ይተነትነዋል። ስልኩን ማቆሚያው ላይ ማሰር ብቻ ነው። ተማሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባው፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ ብቻ የሚያነብብ ስልክ ከ50 ሄርትዝ በላይ ያለውን በትክክል ማሳየት አይችልም፤ የማግኔቱን 100 ሄርትዝ ለማየት ከ200 ጊዜ በላይ ማንበብ አለበት፤ አለዚያም ማይክሮፎኑን መጠቀም ይሻላል።

በማቆሚያው ላይ የ47.5 ሄርትዙ ንዝረት ወደ አንድ ስድስተኛ ወርዶ አገኘነው። አንድ ስምንተኛ ያልሆነበት ምክንያት፣ ጎማ በፍጥነት ሲንቀጠቀጥ በዝግታ ሲጫኑት ከሚሆነው ይልቅ ስለሚጠነክር ነው። አንድ ስድስተኛ በዴሲቤል 16 ያህል ቅናሽ ነው፤ ለጆሮ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ድምፁ በግማሽ ያነሰ እንደሚመስል ልብ ይሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ ከቤት ውጪ የሌሊት ድምፅ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል፤ መመሪያው ሲጻፍ ግን የታሰበው መስኮት ዘግቶም ከፍቶም ክፍሉ ውስጥ የሚተኛ ሰው እንጂ ከአጥር ሥር አልጋ ዘርግቶ የሚያድር አልነበረም።

በሁለተኛው ሌሊት ፓምፑ አርባ ደቂቃ ሠራ። ጠዋት እማማ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ዘመዳችንን፣ «ልጄ፣ ትናንት ለእናንተም ውኃ አልመጣም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁት። መጥቷል አላቸው። የእርሳቸው በርሜል ግን ባዶ ስለ ነበር ሁለት ጀሪካን ተሞልቶ ተላከላቸው።

የቀረ አንድ ድምፅ ነበር። ሞተሩ ዝም ሲል፣ ከላይ ባዶ ሮቶ ውስጥ የሚወድቀው ውኃ እንደ ከበሮ ይሰማ ጀመር። የመግቢያውን ቧንቧ እስከ ሮቶው ወለል አካባቢ አርዝመን ውኃው ከውኃ በታች እንዲገባ አደረግነው። እንዲህ ሲደረግ ፓምፑ ሲቆም የወጣው ውኃ በዚያው ቧንቧ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል፣ ውኃ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ከፓምፑ አፍ ቀጥሎ መግጠም ግድ ሆነ። ቫልቩም ሲዘጋ «ጧ!» ይላል፤ በአንድ አዳር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ተውነው።